ወደባችን ቦሌ ነው

ጃማይካ ሰሜናዊ ዳርቻ ላይ ፋልማውዝ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ነዋሪዋ አሥር ሺህ እንኳ አይሞላም። እ.ኤ.አ. በ2011 ሮያል ካሪቢያን ከተባለው የሽርሽር መርከብ ኩባንያ ጋር ትልቅ ወደብ ተሠራላት። ከዚያ ወዲህ ግዙፍ መርከብ በሚቆምበት ቀን ከቁርስ በኋላ አምስት ስድስት ሺህ ሰው ይራገፍባታል፤ ጀንበር ሳትጠልቅ ያ ሁሉ ሰው ተጠራርጎ ይሄዳል። መርከቡ ከከተማዋ ጣሪያዎች በላይ ተገትሮ ሲታይ አንድ ሰፈር ከነሕንጻው ተነቅሎ የመጣ ይመስላል። የወረደውን መንገደኛ መጀመሪያ የሚቀበለው በአጥር የተከለለ ግቢ ነው፦ የጌጣጌጥ ሱቅ፣ የመጠጥ ሱቅ፣ የቲሸርት ሱቅ። የጉብኝት አውቶቡሱም እዚያው ውስጥ ቆሞ ይጠብቀዋል። እንጨት ጠርቦ የሚሸጠውና ዶሮ የሚጠብሰው የከተማዋ ሰው ከአጥሩ ውጭ ነው። ወደቡ ከተከፈተ ጀምሮ የነጋዴው ቅሬታ አልተለወጠም፤ እንግዳው በደጁ ያልፋል፣ ቤቱ ግን አይገባም።

ይህ ለአዲስ አበባው የቀራንዮ ሰፈር ሰው ምኑ ነው? የዛሬ ሃያ ዓመት ቢጠየቅ መልሱ «ምንም» ይሆን ነበር። አሁን ግን ከዚያ መርከብ ከሚወርዱት መካከል የእኛም ሰዎች አሉ። ዋሽንግተን፣ ሜሪላንድና ቨርጂንያ ያለው ሐበሻ መኪናውን እስከ ባልቲሞር ወደብ ነድቶ ይሳፈራል፤ ዳላስና ሂዩስተን ያለው ከጋልቨስተን፣ አትላንታ ያለው ደግሞ ፍሎሪዳ ወርዶ ከማያሚ። የጋብቻ በዓል፣ የሃምሳ ዓመት ልደት፣ የልጅ ምረቃ፣ ሰበብ አይጠፋም። ፎቶው ወዲያው ለቤተሰብ ይላካል። ቀራንዮ መድኃኔዓለም አካባቢ ቡና ላይ የተሰበሰቡ እናቶች ስልኩን እየተቀባበሉ የሚያዩት ምስል ያው ነው፦ ሰማያዊ ባሕር፣ ነጭ መርከብ፣ ጠባብ ክፍል ውስጥ ደግሞ አልጋው ላይ ቁጭ ያለ በፎጣ የተሠራ ዝሆን። «ይኼን ደግሞ ማን ሠራው?» ይባላል። የሠራው ክፍሉን የሚያጸዳው ሠራተኛ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ፊሊፒናዊ ወይም ኢንዶኔዥያዊ፣ ወራት ሙሉ ቤቱን ሳያይ ባሕር ላይ የሚከርም።

ነገሩ የሚወደደው ያለ ምክንያት አይደለም። እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ከማያሚ የመጀመሪያ ጉዞዋን ያደረገችው አይከን ኦፍ ዘ ሲስ 365 ሜትር ትረዝማለች፤ ሞልታ ስትሄድ 7,600 ያህል መንገደኛ ትይዛለች፣ ከ2,300 በላይ የሆነው ሠራተኛ ሳይቆጠር። ባልና ሚስት ሻንጣቸውን አንዴ ይፈታሉ፣ ልብሳቸውን ቁም ሳጥን ውስጥ ይሰቅላሉ፤ ከዚያ በኋላ ሳምንቱን ሙሉ ሌሊት ተኝተው ጠዋት ሌላ አገር ነው። ምግብ በዋጋው ውስጥ ስለተካተተ ከማለዳ እስከ እኩለ ሌሊት ይበላል። ረቡዕና ዓርብ የሚጾመው በዚያ ሁሉ ሥጋና አይብ መካከል ሰሐኑን ይዞ ሲንከራተት ቢታይም፣ «ቪጋን ነኝ» ያለ እንደሆነ የጾም ምግብ አያጣም። ያልተካተተውን የሚያውቁት ሒሳቡ ሲመጣ ነው፦ መጠጥ፣ ኢንተርኔት፣ በነፍስ ወከፍ በየቀኑ ከ15 ዶላር በላይ የሚታሰብ ጉርሻ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በየወደቡ የሚገዛው ጉብኝት።

ከቀራንዮ ተነስተው ልጆቻቸውን ሊጠይቁ አሜሪካ የሄዱ አባትና እናት ግን በዚህ ጉዞ ላይ አብረው ይሳፈሩ ቢባል እንኳ ዛሬ አይሆንላቸውም። ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ወዲህ አሜሪካ ለኢትዮጵያውያን የምትሰጠው አብዛኛው የጉብኝት ቪዛ ለአንድ ጊዜ መግቢያ ብቻ የሚያገለግል የሦስት ወር ቪዛ ሆኗል። መርከቡ ማያሚን ለቆ ባሃማስ ሲደርስ ያቺ አንዲት መግቢያ አልቃለች። ቀደም ሲል የተሰጠ ባለ ብዙ መግቢያ ቪዛ በእጃቸው ካልኖረ በቀር ሲመለሱ የሚያስገባቸው ወረቀት የለም። ልጆች ለወላጆቻቸው የጋብቻ ኢዮቤልዩ ቲኬት ከመቁረጣቸው በፊት ይህን ቢያጣሩ ከኪሳራም ከሐፍረትም ይድናሉ።

ዋናው ነገር ግን የወደቡ ጉብኝት አሠራር ነው። መርከቡ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ደርሶ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ይነሳል እንበል። በዚያ መሐል ባልና ሚስት ከማያውቁት አገር ገብተው፣ ታክሲ ተደራድረው፣ አንድ ነገር አይተው፣ ምሳ በልተው መመለስ አለባቸው። የዘገየ ይቀራል። ዘንቢላቸውን እያንጠለጠሉ በወደቡ ድልድይ ላይ የሚሮጡ ባልና ሚስት፣ ከላይ ከመርከቡ ሰገነት ደግሞ የሚያጨበጭብ ሕዝብ፣ ይህን የሚያሳይ ቪዲዮ በማኅበራዊ ሚዲያ ሞልቷል። ኩባንያው ፍርሃቱን አሳምሮ ያውቀዋል። ስለዚህ ጉብኝቱን ከእኔ ከገዛችሁ አውቶቡሱ ቢዘገይም መርከቡ ጥሏችሁ አይሄድም ይላል። ከውጭ የገዛ በራሱ ዕዳ ነው። ያው ፏፏቴ፣ ያው መንገድ፣ አንዳንዴም ያው ሾፌር ሆኖ ሳለ የኩባንያው ዋጋ ከውጭው ይበልጣል፤ ሰዉም ሳያንገራግር ይከፍላል። ተጨማሪው ገንዘብ የሚከፈለው ሰዓት ጠብቆ ይመልሰኛል ለሚለው እምነት ነው። በዓለም ላይ በዓመት ከ30 ሚሊዮን በላይ ሰው የሚሳፈርበት የሽርሽር መርከብ ንግድ ወደብ ላይ ሲደርስ የሚሸጠው ይህንኑ ነው።

ጃማይካ ላይ የሚወርድ ኢትዮጵያዊ ከሌላው መንገደኛ የተለየ ጉዳይ አለው። ሚያዝያ 13 ቀን 1958 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ኪንግስተን ሲደርሱ የተሰበሰበው ሕዝብ አጥር ጥሶ አውሮፕላኑን ስለከበበው ንጉሠ ነገሥቱ ወዲያው መውረድ አልቻሉም፤ ዕለቱ በራስ ተፈሪያን ዘንድ እስከ ዛሬ በዓል ነው። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1970 ጃማይካ ላይ ተተክላለች። ቦብ ማርሊን እ.ኤ.አ. በ1980 ያጠመቁት ኢትዮጵያዊው ጳጳስ አቡነ ይስሐቅ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በግንቦት 1981 ሲያርፍም ሥርዓተ ቀብሩ በእኛው ቤተ ክርስቲያን ደንብ ተፈጽሟል። የተቀበረው በተወለደባት ናይን ማይል በምትባል የተራራ መንደር ነው፤ ከፋልማውዝም ከኦቾ ሪዮስም ወደብ ለጉብኝት ይኬድባታል። በወደቡ በብዛት የሚሸጠው ግን ደንስ ሪቨር የተባለው ፏፏቴ ነው፦ የማይተዋወቅ ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ ውኃው መሐል ድንጋይ ለድንጋይ ይወጣል። ፏፏቴው አይጠላም። ሆኖም የይሁዳ አንበሳና አረንጓዴ ቢጫ ቀይ በየግድግዳው በተሳለበት አገር፣ ኢትዮጵያውያን ባልና ሚስት ወርደው እግራቸውን አርሰው ብቻ ቢመለሱ ያስቆጫል።

ካሪቢያን መጥፎ አርአያም አላት። ኩባንያዎቹ ከወደብ ከተሞች ጋር ከመነታረክ የራሳቸውን ዳርቻ መያዝ መርጠዋል። ዲዝኒ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ባሃማስ ውስጥ የራሱ ደሴት አለው፤ ሮያል ካሪቢያን ኮኮኬይን፣ ኤምኤስሲ ኦሽን ኬይን ይዘዋል፤ ካርኒቫል እ.ኤ.አ. በ2025 ሴለብሬሽን ኪይ የሚባለውን ከፍቷል። እዚያ የሚበላው ሳንድዊች፣ የሚጠጣው ቢራ፣ የሚከራየው ጥላ ሁሉ የመርከቡ ባለቤት ንብረት ነው። ሄይቲ ውስጥ ላባዲ የምትባለው የባሕር ዳርቻም ታጥራ ለሮያል ካሪቢያን በኪራይ ተይዛ ኖራለች። እ.ኤ.አ. በጥር 2010 ዋና ከተማዋ ፖርቶ ፕሬንስ በመሬት መንቀጥቀጥ ፈርሳ የሟቹ አስከሬን ገና ከፍርስራሽ ሳይወጣ፣ በሦስተኛው ቀን መርከብ ላባዲ ላይ ቆሞ መንገደኛው ሲዋኝ ዋለ፤ ዓለም ተነጋገረበት። ኩባንያው የእርዳታ ምግብ ጭኖ መምጣቱን፣ መርከብ ቢቀር ሄይቲ ገቢዋን እንደምታጣ ተናግሮ ተከራከረ። ክርክሩ ውኃ ይቋጥራል። ግን ከዚያ አጥር ውስጥ ዋኝተው የተመለሱ ባልና ሚስት ሄይቲን አየን ቢሉ ማን ያምናቸዋል?

ኢትዮጵያ የባሕር በር የላትም፤ የወደብ ወሬ ግን በየታክሲው አለ። በዚህ ወሬ መካከል የሚዘነጋው፣ የሰው ወደብ ከሆነ አዲስ አበባ ብዙ የካሪቢያን ደሴት የሚቀናበት ወደብ ያላት መሆኑ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ2016 ዓ.ም. በጀት ዓመት ከ17 ሚሊዮን በላይ መንገደኛ አጓጉዟል። ብዙው በቦሌ በኩል አድርጎ ወደ ሌላ አገር የሚያልፍ ነው፦ ከሎሜ ወደ ጓንዡ፣ ከጆሃንስበርግ ወደ ዋሽንግተን፣ ከሳኦ ፓውሎ ወደ ሙምባይ። ከዚህ ውስጥ ቀጣዩ በረራ እስኪደርስ ስምንት፣ አሥር፣ አሥራ አምስት ሰዓት የሚጠብቅ አለ፤ ቅርብ ማገናኛ ካጣ አየር መንገዱ ሆቴል ይሰጠዋል። በሚኒባስ ይወሰዳል፣ ይበላል፣ ይተኛል፣ በሚኒባስ ይመለሳል። ጫጉላቸውን ዛንዚባር ሊያሳልፉ የሚሄዱ ሙሽሮች አዲስ አበባ ላይ አንድ ሙሉ ቀን ውለው፣ የከተማዋ ትዝታቸው የሆቴሉ መጋረጃና የቀለበት መንገዱ ጥሩምባ ብቻ ሆኖ ይሄዳሉ።

አስጎብኚ የለም ማለት አይደለም። አየር መንገዱ ራሱ የከተማ ጉብኝት ይሸጣል፤ የግል ድርጅቶችም አሉ። የሚኬድባቸው ቦታዎችም መልካም ናቸው፦ ሉሲ ያለችበት ብሔራዊ ሙዚየም፣ እንጦጦ፣ አንድነት ፓርክ፣ በ2016 ዓ.ም. የተከፈተው የዓድዋ ድል መታሰቢያ። ጉብኝቱ ግን በእነዚሁ ላይ ይሽከረከራል። ጦር ኃይሎችን አልፎ ወደ ምዕራብ የሚመጣ የቱሪስት መኪና ከታየ መንገድ የጠፋበት ነው።

ምዕራቡ ደግሞ የሚያሳየው አለው። በ1954 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ኮልፌ ፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ግቢ ውስጥ አንድ ረጅም እንግዳ ይሠለጥን ነበር። በአገሩ በፖሊስ የሚታደን፣ 44 ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ጠበቃ፣ ኔልሰን ማንዴላ። በዚያው ዓመት ጥር ላይ አዲስ አበባ በተደረገ የአፍሪካ የነጻነት ንቅናቄዎች ጉባኤ ተገኝቶ ተናግሯል። ወደዚህ ሲመጣ የተሳፈረበት የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን አብራሪ ጥቁር መሆኑን ሲያይ ደነገጠ፤ የደነገጠው ጥቁር ሰው አውሮፕላን ሊያበር እንዴት ይችላል ብሎ ነበርና፣ የአፓርታይድ አስተሳሰብ በእርሱም ውስጥ መግባቱን ያን ጊዜ እንዳስተዋለ በሕይወት ታሪኩ ጽፏል። ከወራት በኋላ ተመልሶ ኮልፌ ገባ። በጠመንጃና በሽጉጥ መተኮስ፣ ሞርታር፣ ፈንጂ ማዘጋጀት፣ ከነትጥቁ ረጅም መንገድ መጓዝ ተማረ። ካስተማሩት አንዱ ኮሎኔል ታደሰ ብሩ ናቸው፤ በኋላ ጄኔራል፣ የሜጫና ቱለማ ማኅበር መሪ፣ በ1967 ዓ.ም. ደርግ የገደላቸው።

ሥልጠናው ስድስት ወር ሊሆን ታስቦ ነበር። ሳያልቅ ግን ቶሎ ተመለስ የሚል መልእክት ከነጻነት ትግል ድርጅቱ ደረሰው። ሲሰናበት ኮሎኔሉ ሽጉጥ ከ200 ጥይት ጋር ሰጡት። አገሩ ገብቶ ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላው ሐምሌ 29 ቀን 1954 ዓ.ም. ተያዘ፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን ዓለም ያውቀዋል። ሽጉጡ ጆሃንስበርግ አጠገብ ሊሊስሊፍ በተባለ እርሻ ውስጥ ተቀብሯል ይባላል። ደቡብ አፍሪካውያን መሬቱን ቆፍረው ቢፈልጉትም አላገኙትም።

ደቡብ አፍሪካ የታሰረበትን ቦታ ምን አደረገችው? ከኬፕታውን ወደብ ጀልባ ተነስቶ ሮበን ደሴት ያደርሳል። በደሴቷ እስር ቤት ውስጥ የሚያስጎበኙት ራሳቸው እዚያ ታስረው የነበሩ ሰዎች ናቸው። ጀልባው ሲነሳም ሲመለስም ሰዓቱ ይታወቃል፣ ዋጋው ይታወቃል፤ ደርሶ መልስ ግማሽ ቀን ቢወስድ ነው። ኬፕታውን የሚቆሙ የሽርሽር መርከቦች መንገደኞችም ይሄዱበታል። ማንዴላ የታሰረበት እንዲህ በሥርዓት ሲታይ፣ ትግሉን የተማረበት ኮልፌ ግን ቦሌ ላይ ስምንት ሰዓት ለሚጠብቅ ደቡብ አፍሪካዊ አይታወቅም። ቢያውቀውም ግቢው ዝም ብሎ ተገብቶ የሚታይ ቦታ አይደለም። የፖሊስ ግቢ በር መከፈቱ ቀላል ጉዳይ እንዳልሆነ ይገባል፤ ይሁን እንጂ አንዲት ክፍል፣ ጥቂት ፎቶግራፍና ቀጠሮ የተያዘለት መግቢያ ሰዓት የጸጥታ ሥራ ያውካል ብሎ መከራከር ይከብዳል።

ማንዴላ ብቻውን ግማሽ ቀን አይሞላም፤ መሙላትም የለበትም። ከኮልፌ አጠና ተራ ላይ ቆሞ የባሕር ዛፍ እንጨት ሲጫንና ሲራገፍ ማየት ለውጭ ሰው ትልቅ ነገር ነው። የአዲስ አበባ ግድግዳና የግንባታ መወጣጫ ከየት እንደሚመጣ እዚያ ይታያል፤ የዋጋ ክርክሩ ያለ አስተርጓሚም ይገባል። ከዚያ ቀራንዮ መድኃኔዓለም። ቀኑ የመድኃኔዓለም ንግሥ ከሆነ ደግሞ አስጎብኚ የሚጨምረው ነገር የለም፤ ነጭ የለበሰው ሕዝብ፣ ከበሮው፣ ታቦቱ ሲወጣ የሚያስተጋባው እልልታ ራሱ ይናገራል። መጨረሻው ቡና ነው፤ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ለፎቶ የተነጠፈ ቄጤማ ላይ የሚጠጣው ሳይሆን ሰው ቤት የሚፈላው። የቀራንዮ ባልና ሚስት ለእንግዳ ባልና ሚስት፣ ሦስቱንም ስኒ፣ ዋጋው አስቀድሞ ተነግሮ። ጎረቤት ተጠርቶ ቢጨመርማ ጨዋታው ይደምቃል። እንግዳዋ «እናንተስ ስንት ዓመት ሆናችሁ በትዳር?» ተብላ መጠየቋ አይቀርም፤ ደንስ ሪቨር ላይ ይህን የሚጠይቃት የለም።

በጀልባ ሄዶ ዳርቻ ላይ ወርዶ መጎብኘት ከተባለ ጣና ከካሪቢያን በፊት የነበረ ነው። ከባሕር ዳር ጀልባ ተከራይቶ ዘጌ ላይ መውረድ፣ በቡናው ጫካ ውስጥ ተጉዞ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ማየት፣ ጊዜ ከተረፈ ደቅ ደሴት ላይ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯትን ናርጋ ሥላሴን መሳለም። ባለትዳሮች ግን አንድ ነገር አስቀድመው ይወቁ፦ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይገባባቸውም፤ ባል ወርዶ ሲሳለም ሚስት ጀልባው ላይ ሆና ትጠብቃለች። ይህ የገዳሙ ሕግ ነው፤ የሚያሳፍረው ሕጉ ሳይሆን አስጎብኚው ቀድሞ ሳይናገር ሴቲቱን ዳርቻ ላይ ማስደንገጡ ነው። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የቀጠለው ግጭት የጣናን እንግዳ እጅግ ቀንሶታል። ጣናነሽ ሁለት የተባለችው ጀልባ ከጅቡቲ ወደብ በየብስ ተጎትታ ስትመጣ በየከተማው ሕዝቡ መንገድ ዳር ወጥቶ መቀበሉ ግን ጉጉቱ እንዳለ ያሳያል። ሰላሙ ሲመለስ ጀልባዋ አትቸግርም፤ ዳርቻው ላይ ማን እንግዳውን እንደሚቀበልና ገንዘቡ የማን ኪስ እንደሚገባ ካሁኑ ማሰብ ይሻላል።

ኮልፌም ላይ ጥያቄው ያው ነው። አንድ ትልቅ ድርጅት መጥቶ ግቢ አጥሮ፣ ውስጡ የባህል ቤትና የስጦታ ዕቃ ሱቅ ከፍቶ፣ እንግዳውን ከአውቶቡስ ወደ አጥር፣ ከአጥር ወደ አውቶቡስ ቢያመላልስ የፋልማውዝ ነጋዴ የሚያማርረው እዚህም ይደገማል። የቀራንዮ ሰው ድርሻ በር ላይ ቆሞ ማየት ከሆነ ጉብኝቱ ባይመጣ ይሻላል። ክፍለ ከተማው የሰፈሩን ወጣቶች አስጎብኚነት ቢያሠለጥን፣ ቡና የሚያፈሉ ቤቶችን ቢመዘግብ፣ ከእያንዳንዱ ጉብኝት ዋጋ ለቤቶቹ የሚከፈለው ልክ በጽሑፍ ቢታወቅ ሥራው ይጀመራል። አየር መንገዱ ደግሞ ማንም ሊሰጠው የማይችል አንድ ነገር በእጁ አለ። በእርሱ በኩል ጉብኝት የገዛ መንገደኛ በትራፊክ ተይዞ በረራው ቢያመልጠው፣ ያለ ተጨማሪ ክፍያ በሚቀጥለው በረራ ወንበር ይሰጠዋል ብሎ በቲኬቱ ላይ ይጻፍለት። የጦር ኃይሎችን መንገድ የሚያውቅ ሰው ይህ ቃል ስንት እንደሚያወጣ አይጠፋውም።

ጊዜው ግን ረጅም አይደለም። አየር መንገዱ ቢሾፍቱ አጠገብ አቡሴራ ላይ የሚገነባው አዲስ አውሮፕላን ማረፊያ በዚህ አስርት ዓመት መጨረሻ ግድም አገልግሎት እንዲጀምር ታቅዷል። ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ የዓለም አቀፉ በረራም ወደዚያ ይዞራል። ስምንት ሰዓት የሚጠብቅ መንገደኛ ከቦሌ ተነስቶ ኮልፌን አይቶ፣ ቀራንዮ ቡና ጠጥቶ በጊዜ ይመለሳል። ከአቡሴራ ከተነሳ ግን የሚቀርበው የቢሾፍቱ ሐይቅ ዳርቻ ነው፤ በዚያ ላይ ያሉት ሪዞርቶች ደግሞ እንግዳ መቀበል ከጀመሩ ቆይተዋል።